እሁድ አስር ሰዓት፣ ባዶው ወንበር

ሰው ሲከፋው አንዳንዱ ይጠጣል፣ አንዳንዱ ተኝቶ ይውላል። ፈይሳ ግን ካርታ ይጥላል። መጫወት አላልኩም፣ መጣል ነው ያልኩት። ሁለት ካርታ ይሰጠዋል፣ ጫፋቸውን ቀና አድርጎ ያያል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ወደ መሀል ይወረውራቸዋል። ደግሞ ይሰጠዋል፣ ደግሞ ይወረውራል። ዛሬ እሁድ፣ መቂ፣ እትዬ ዘርፉ ሆቴል ጓሮ ውስጥ፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይሄንኑ ሲያደርግ ነው የዋለው። ፊቱ የነበረው የቆርኪ ክምር እንደ በጋ ኩሬ ጎድሎ ጎድሎ አሥራ አንድ ፍሬ ቀርቶታል።

ቆርኪ ስል የለስላሳ ጠርሙስ ክዳኑን ነው። በዘርፉ ቤት ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። «ብር ያወጣ ሰው ካርታውን ምድጃ ውስጥ ይፈልገው» ብላ ገና ቤቱን ስትከፍት ነው ያወጀችው። በዓመት አንዴ ስድስት ሰው በቆርኪ ፖከር ይጫወታል፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ሰውዬ ፎቶው ከባንኮኒው በላይ ለአንድ ዓመት ይሰቀላል፣ በቃ፣ ሽልማቱ እሱ ነው። ግን ለዚያች ፎቶ ሰዉ እንዴት እንደሚያልበው ብታዩ!

ከስድስቱ ሦስቱ ወጥተዋል። የቀሩት ዘርፉ ራሷ፣ ፈይሳ እና ጫምሳ ናቸው። ጫምሳ የሽንኩርት ደላላ ነው። አይሱዙ ላይ ቆሞ ሲጮህ ዓለም ጤና ከተማ ድረስ ይሰማል ይባላል። ካርታም ሲጫወት እንደዚያው ነው። ፊቱ ያለው ቆርኪ የዘርፉና የፈይሳ አንድ ላይ ተደምሮ ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ እና በዚያ ክምር ተማምኖ የደረሰውን ካርታ ሁሉ ይጫወታል። አንዳንዴ ሳያየውም።

«ገፋሁ!» አለ ጫምሳ አሁንም፣ ክምሩን በሁለት ክንዱ እንደ እህል ወደ መሀል እየዘረጋ። ገፋሁ ማለት ሁሉንም አስያዝኩ ማለት ነው። የሚቀበለው ካለ እሱም ያለውን ሁሉ ያስይዛል፣ ከተሸነፈ ቻው ነው።

ዘርፉ ጣለች።

ፈይሳ ካርታውን ቀና አድርጎ አየ። ሁለት ዘጠኝ። ሦስት ሰው ብቻ በቀረበት ጠረጴዛ ሁለት ዘጠኝ ማለት እኮ የሰርግ ካርታ ነው። በረጅሙ ተነፈሰ። ወረወረው።

«ሃሃ!» ጫምሳ የራሱን ገልብጦ አሳየ። ሰባትና ሁለት! ከካርታ ሁሉ እዚህ ግባ የማይባለውን። «ያ ፈይሳ፣ አንተ! ካርታ ነው የያዝከው ወይስ ትኩስ ድንች? ገና ሳይደርስህ ነው እኮ የምትጥለው!»

ዘርፉ አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ ፈይሳ የጣለውን ገለበጠች። ሁለቱን ዘጠኝ አየች። ከዚያ ካርታውን ትታ ፊቱን ማየት ጀመረች፣ እሱ ደግሞ መታየቱን ሲያውቅ አንገቱን ወደ ኒሙ ዛፍ አዞረ። እዚያ ዛፍ ላይ ምንም አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ የሚያየው ነገር ሁሉ እንደዚያ ነበር፣ ምንም የሌለበት።

* * *

እንግዲህ ፈይሳን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ልጅ ነው፣ ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ። ከመቂ እስከ ባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ ስልኩን ያውቀዋል። ሥራው ጥሩ ነው ግን ብቸኛ ነው። ካንዴላ ቀይረህ፣ ሞተሩን አስነስተህ፣ ውሃው መስመሩን እስኪይዝ ድረስ ቦይ ዳር ቁጭ ማለት ነው። ከማን ጋር ታወራለህ? ከሽንኩርት ጋር?

የስልክ ፖከር የጀመረው እዚያ ቦይ ዳር ነው። በነጻ ቆርኪ፣ ማለቴ ስልኩ ራሱ በሚሰጥህ የውሸት ገንዘብ። ስድስት ወንበር ያለው ጠረጴዛ ነው፣ ማን እንደሆኑ የማታውቃቸው ሰዎች ይቀመጡበታል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሦስት ሰው ቀሩ። አንደኛው ልክ እንደ ጫምሳ ዓይነት፣ ተራራ የሚያህል ክምር ይዞ ሁሉን የሚገፋ ሰው ነበር። ሁለተኛው ፈይሳ። ሦስተኛው ፎቶው ላይ አባ ኮዳ ያደረገ ሰው። አባ ኮዳን ታውቁታላችሁ፣ ያ ባቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚለምነው፣ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ወፍ። ፈይሳ «ይሄ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ መሆን አለበት» ብሎ ደመደመ።

ሽማግሌው ጻፈለት።

«ወንድም፣ አንተ እኔ እስክወድቅ ትጠብቃለህ። እኔ አንተ እስክትወድቅ እጠብቃለሁ። ሁለት ትንንሾች እንዲህ ሲጠባበቁ ትልቁ ሁለቱንም ይበላል።»

«እና ምን ይሻላል አባቴ?» አለ ፈይሳ።

«እንዲህ ዓይነቱን ሰው በማስፈራራት አታባርረውም፣ ብዙ ስላለው አይፈራም። ስለዚህ አትዋሽበት። ደግሞ ምርጥ ካርታ አትጠብቅ። ሰው ሲያንስ ግዴታው ቶሎ ቶሎ ይዞርብሃል፣ ካርታ ሳታይ የምታስቀምጣት ገንዘብ እየበላችህ ቁጭ ብለህ ታልቃለህ። ደህና ካርታ ሲመጣ ይበቃል። እሱ ይግፋ። አንተ ተቀበል። ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው።»

ፈይሳ ያንን ዙር ተቀበለ፣ በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ አስር ሰዓት ላይ ከሽማግሌው ጋር ሁለት ወንበር ብቻ ያለው ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ። ስለ ካርታ ጀምረው ስለ ዝናብ፣ ስለ ዝናብ ጀምረው ስለ እናቱ ሞት። ሽማግሌው ጥሩ ሰሚ ነበር። በአምስተኛው ወር «ባቱ እመጣለሁ፣ ሐይቁ ዳር እንገናኝ» አለው።

ፈይሳ ሁለት ኪሎ ማንጎ ይዞ ሄደ፣ ለአዛውንት ባዶ እጅ አይኬድም ብሎ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጋ ቆሞ ሽበት ሲፈልግ አንዲት ልጅ፣ ረጅም፣ የጸጉሯን ማስያዣ የአዳማ ነፋስ ከጥንት ጀምሮ ያላላው የሚመስል፣ ከወፎቹ መሀል ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ማንጎው የኔ ነው?» አለችው።

«ይቅርታ... ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

«አውቃለሁ። አባ ኮዳ ነኝ።»

ማንጎው ወደቀ። እሷ ሳቀች፣ እሱ ጎንበስ አለ፣ እሷም ጎንበስ አለች፣ እና ፊት ለፊት፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አንድ ማንጎ ተንከባሎ ውሃ ገባ፣ ማንም አልተከተለውም።

ስሟ ኑኃሚን ነው። አዳማ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምራለች። አባቷ አቶ ጉደታ የትልቅ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለቤት፣ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከተማው ላይ ሲያልፉ ሰው ከወንበር የሚነሳላቸው ሰው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ካርታ ማለት ኃጢአት ነው፣ ከመጠጥ እኩል። ኑኃሚን ደግሞ የካርታው ሒሳብ ነው የማረካት። ክፍሏን ቆልፋ፣ ድምፁን አጥፍታ፣ ብቻዋን ነበር የምትጫወተው። «በዚህ ከተማ ሙሉ ሰው ያውቀኛል፣ የሚያውቀኝ ግን አንድ አንተ ነህ» ብላው ነበር አንዴ። ፈይሳ ያንን ቃል ቦይ ዳር ቁጭ ብሎ ስንቴ እንደደገመው እሱና ሽንኩርቱ ናቸው የሚያውቁት።

ስለ አባቷም በሳቅ ነግራው ነበር። «አባዬ ሁሉን ነገር መጀመሪያ እንቢ ነው የሚለው። ዩኒቨርሲቲ ልግባ ስል እንቢ፣ ፊዚክስ ልማር ስል እንቢ። ካርታ ሳያይ ነው የሚገፋው። ከዚያ ያያል።»

ያንን ልብ በሉልኝ። ፈይሳ ግን ረሳው።

* * *

ከሦስት ወር በፊት ሽማግሌ ላከ። የአባቱ ጓደኛ ጋሼ መርዳሳ ሁለት ሰው አስከትለው፣ ያቺን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው አዳማ ገቡ። ገና «ልጅዎን ለልጃችን...» ሲሉ አቶ ጉደታ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ለካርታ ተጫዋች የምሰጣት ልጅ የለኝም!»

ጋሼ መርዳሳ ሲመለሱ የነገሩት እንዲህ ነው። «ከየት እንደሰማ አላውቅም ልጄ። አፈርኩ። ልጅቷ ደግሞ እዚያው ነበረች፣ ከጓዳው በር ጀርባ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ እግሯ ይታየኛል። ትንፍሽ አላለችም።» ከዚያ ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ «ካልክ ሌላ ቀን እንሄዳለን» አሉ።

«ይተዉት ጋሼ» አለ ፈይሳ።

በማግስቱ ከኑኃሚን አጭር መልዕክት መጣ። «አሁን አትደውል።» ሦስት ፊደል፣ አምስት ፊደል፣ ምን ልበላችሁ፣ በጣም አጭር ነበረ። ፈይሳ አነበበው። ፓምፑ ዳር ቁጭ ብሎ እንደገና አነበበው። ከዚያ ያንን የስልክ ጨዋታ ከነጠረጴዛው፣ ከነወንበሩ፣ ከነአባ ኮዳው ደመሰሰው። ከዚያ ወዲህ ሲያስባት የሚታየው ፊቷ አይደለም፣ ያ የገረበበ በርና ከበሩ ስር ያለ ዝም ያለ እግር ነው።

* * *

«ተናገር» አለች ዘርፉ።

«ምኑን እትዬ?»

«ሁለት ዘጠኝ ለሰባትና ሁለት የሚጥል ሰው ሌላ የጣለው ነገር አለ። ሃያ ዓመት ሆቴል ይዤ የሰው ፊት አላውቅም? ጫምሳ፣ ካርታውን ያዝና ዝም በል።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ልትል ነበር።»

ፈይሳ ነገራቸው። መናገር አልፈለገም ነበር፣ ግን ሦስት ወር የታፈነ ነገር እንደተዘጋ ቱቦ ነው፣ አንዴ ከለቀቀ ማን ይመልሰዋል? የላካቸውን ሽማግሌዎች፣ የአባትየውን ጩኸት፣ እግሯን፣ አጭሩን መልዕክት፣ ሁሉን። ሲጨርስ መንገድ ላይ የሚጫን ሽንኩርት ብቻ ደብ፣ ደብ ይላል።

«ስንቴ ላክህ?» አለች ዘርፉ።

«አንዴ።»

«አንዴ?»

«እንቢ አሉ እኮ እትዬ! በስድብ!»

ዘርፉ ቡና እንደፈሰሰበት ሰው ከወንበሯ ተነሳች። «አንዴ! በኛ አገር አንዴ ተልኮ የተሰጠ ልጅ ማን ናት? እኔን አባቴ አራት ጊዜ ነው ያባረራቸው፣ ሁለተኛው ላይ ውሻ ፈቶ! ባሌ ቢጥል ኖሮ ዛሬ ይሄ ሆቴል ይኖር ነበር?»

«የኔ ግን ይለያል። እሷም ዝም አለች።»

እዚህ ላይ ነው ጫምሳ የተናገረው። ጮኾ አልነበረም፣ ለዚህ ነው ሁሉም የዞረበት።

«ስማ ኦቦሌሳ፣ ስማ ወንድሜ። እኔም እህቴን ሲጠይቁኝ ገፋሁ። ልጁን አላውቀውም፣ አላየሁትም፣ ዝም ብዬ ጮኽኩ። ለምን መሰለህ? ወንድም ስለሆንኩ። ይጠበቅብኛል። ልቤ ውስጥ ግን ምን እል ነበር፣ ተመልሶ ይመጣ ይሆን? እል ነበር።» ቆርኪ አንስቶ በጣቶቹ መሀል አሽከረከረ። «ሰውዬው አልተመለሰም። እህቴ ይኸው እስካሁን እኔ ቤት ናት፣ አታወራኝም። ሰላም ስላት ሰላም ትላለች። አየህ፣ እኔ ሁሌ የምገፋው ካርታ ኖሮኝ አይደለም። ሰው ሁሉ ስለሚጥልልኝ ነው። ከጣሉልኝ እኔ ምን ላድርግ?»

ዘርፉ ተቀመጠች፣ ካርታውን በወዘችው፣ አከፋፈለች፣ ምክንያቱም እጅ አንድ ነገር መሥራት አለበት።

«ገፋሁ» አለ ጫምሳ፣ ከልማድ። ዘርፉ ጣለች።

ፈይሳ ካርታውን ቀና አደረገ። ሁለት ሰባት። ምርጥ አይደለም፣ ደህና ነው። ድንገት ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈለት ነገር ልክ አሁን እንደተጻፈ ሆኖ መጣለት። እሱ ይግፋ። አንተ ተቀበል።

«ተቀበልኩ።»

የቀሩትን ቆርኪዎች ወደ መሀል ገፋ። ጫምሳ ገለበጠ፣ ንጉሥና አራት። ዘርፉ መሀል ላይ ካርታ አንድ በአንድ ትዘረጋ ጀመር። ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፤ ፈይሳ እየመራ ነው። ስምንት፤ አሁንም እየመራ ነው። አምስተኛዋና የመጨረሻዋ ካርታ ንጉሥ ሆና ወጣች፣ ሁለት ንጉሥ ደግሞ ሁለት ሰባትን ይበላል።

አለቀ። ፈይሳ ወጣ። ጫምሳ ሳይጮህ ቆርኪውን ሰበሰበ።

«ልክ ነው የተጫወትከው» አለችው ዘርፉ ቀስ ብላ። «ልክ ተጫውቶ የተሸነፈ ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል። ሂድ።»

ፈይሳ ተነሳ። የሚገርመው ነገር ቀሎት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ሳይሸነፍ ነበር ያለቀው፣ አሁን ገና አንዴ ተሸነፈና መተንፈስ ቻለ።

* * *

ከሆቴሉ ፊት ለፊት፣ የሽንኩርት ጆንያ የሚጫንበት ጋ አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ። እዚያ ተቀምጦ ሰዓቱን አየ። ለአስር ሩብ ጉዳይ ነው። እሁድ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ እሱም አያውቅም፣ ብቻ ያንን የደመሰሰውን ጨዋታ እንደገና ማውረድ ጀመረ። የመቂ ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አስር በመቶ። አሥራ ሁለት። አይሱዙ መጣ፣ ጭኖ ሄደ። ሠላሳ።

ሲከፈት ጨዋታው የድሮ ስሙን አወቀው። ከላይ በኩል አንዲት ቀይ ነጥብ፣ ውስጧ አሥራ ሦስት የሚል ቁጥር። አሥራ ሦስት መልዕክት። ከማን? ከዚያ መላጣ ወፍ።

አሥራ ሦስት እሁድ፣ አሥራ ሦስት መልዕክት።

የመጀመሪያው፦ «ተቀምጫለሁ። አንተስ?»

ሁለተኛው፦ «ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ስልኩ "ተጫዋች እየፈለግን ነው" እያለ ይሽከረከራል። እኔም።»

አምስተኛው፦ «ዛሬ ሁለት ንግሥት ደረሰኝ። ለማን ላሳይ?»

ሰባተኛው፦ «ባቱ ሄጄ ነበር። አባ ኮዳዎቹ እዚያው ቆመዋል። አንዱ ወደኔ ዞሮ "ሰውየውስ?" ያለኝ መሰለኝና ተመለስኩ።»

ፈይሳ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። የሽንኩርቱ ነው እንበል።

ዘጠነኛው ረጅም ነበር።

«እውነቱን ልጻፍልህ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር አባዬ "ይሄ ልጅ ምን ዓመል አለው?" ብሎ ጠየቀኝ። መዋሸት እንደማልችል ታውቃለህ። "ካርታ ይጫወታል" አልኩት። ቀጥሎ "ያስተማርኩት እኔ ነኝ" ልል ነበር፣ እሱን ግን ዋጥኩት። ግማሹን እውነት ሰጠሁት፣ በግማሹ አንተን አሰደብኩህ። በማግስቱ ሲጮህ በሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ ፈይሳ። አንዲት እርምጃ። እግሬ እንቢ አለኝ። አትደውል ያልኩህ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሳይቆረጥ ልጁና ልጅቷ አይነጋገሩም ስለሚባል ነው። ጋሼ መርዳሳ ይመለሳሉ ብዬ በየቅዳሜው ቤት ሳጸዳ እውላለሁ። አንተ እኔን ትጠብቃለህ፣ እኔ አንተን እጠብቃለሁ። ትዝ ይልሃል ምን ብዬህ ነበር? ሁለት ትንንሾች እንዲህ ሲጠባበቁ...»

አልጨረሰችውም። መጨረስ አያስፈልጋትም ነበር።

አሥራ ሦስተኛው ያለፈው እሁድ የተጻፈ ነው። «ከዛሬ ሳምንት አስር ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ እደመስሰዋለሁ። አልተቆጣሁም። ባዶ ወንበር ማየት ነው የደከመኝ።»

ከዛሬ ሳምንት ማለት ዛሬ ነው። ስልኩን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ስምንት።

ጠረጴዛው ተከፈተ። ሁለት ወንበር። አንደኛው ላይ ፈይሳ ተቀመጠ፣ ሁለተኛው ባዶ። «ተጫዋች እየፈለግን ነው» እያለ ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከር ጀመር። አስር ሰዓት ሆነ። ትሽከረከራለች። አስር ከሁለት። ፈይሳ በሕይወቱ እንደዚያች ክብ የጠላው ነገር የለም፣ እና ደግሞ አሥራ ሦስት ጊዜ ይሄንን ያየችው እሷ እንደሆነች ሲያስብ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ አሮጌ ቱቦ ተሰነጠቀ።

አስር ከአራት ላይ አባ ኮዳው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ካርታ ተሰጠ። እና እሷ፣ ያቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ሒሳቧን ሳትሠራ አንዲት ቆርኪ ወደ መሀል የማትልክ ልጅ፣ ወዲያው ሁሉንም ገፋች። ሰላም ሳትል። ተራራውን በሙሉ።

ፈይሳ ካርታውን አየ። ስምንትና ሦስት። የሚጣል ካርታ ነው። ማንም አስተማሪ፣ እሷ ራሷ እንኳን፣ ጣለው የምትለው ካርታ።

ተቀበለ።

መሀል ላይ ካርታዎቹ መዘርጋት ሲጀምሩ ስልኩ ጠራ። ጨዋታው ተሸፈነ። ስሟ።

አነሳው። መጀመሪያ የሰማው ነፋስ ነው፣ የአዳማ ነፋስ።

«በምንድን ነው የተቀበልከኝ?» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«በስምንትና ሦስት።»

«አንተ እኮ... እንደዚያ ነው ያስተማርኩህ?»

«አንቺስ በምን ገፋሽ?»

«አላየሁትም።»

ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ፣ ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ፈይሳ እያለቀሰች እንደሆነ አወቀ። እሷም ስለ እሱ አወቀች። ማንም ማንንም «አታልቅስ» አላለም።

«ሦስት ወር ምን ስታደርግ ነበር?»

«ስጥል።»

«መልዕክቶቹን...»

«ዛሬ ነው ያነበብኳቸው። ደምስሼው ነበር ኑኃሚን። ሁሉንም ደምስሼ... ዝም ስትዪ፣ እግርሽ በበሩ ስር ይታይ ነበር ሲሉኝ...»

«አውቃለሁ።»

«እኔ እኮ አባትሽን አይደለም የፈራሁት። አንቺ በኔ ያፈርሽ መስሎኝ ነው።»

ኑኃሚን ከሌላ ቦታ ጀመረች፦

«ዛሬ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ለአባዬ ነገርኩት።»

«ምኑን?»

«ቀሪውን ግማሽ። ምሳ ቀርቦ፣ ጸሎት አድርሶ አሜን እንዳለ፣ "አባዬ፣ ካርታውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ከኔ ክፍል ውስጥ፣ ከአንተ ክፍል ቀጥሎ ካለው" አልኩት።»

ፈይሳ ከአግዳሚው ተነሳ። «ብቻሽን? ማንም አጠገብሽ ሳይኖር?»

«ማን ይኖራል?» አለች፣ ሳትወቅሰው፣ ለዚህም ነው የባሰበት። «ጮኸ። ሳህኑን ገፋ። "በኔ ቤት?" አለ። ከዚያ ዝም አለ። አባዬ ዝም ሲል አይተኸው አታውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር። ምግቡ በረደ። ልነሳ ስል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለሽ?»

«"እነዚያ ሽማግሌዎች ደግሞ ምነው ጠፉ?" አለኝ።»

አባትየው ሦስት ወር ሙሉ ጠብቀው ነበር። እሷ ጠብቃለች፣ ፈይሳ ጠብቋል፣ እሳቸውም እዚያ ትልቅ ክምራቸው ጀርባ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ጠብቀዋል። ስንት ሰው፣ ስንት እሁድ፣ ሁሉም ለየብቻው!

«ሁለተኛውም ላይ ይጮሃል፣ እንዳይመስልህ» አለች።

«ይጩህ።»

«እንቢ ሊል ይችላል። እውነቴን ነው።»

«ሦስተኛ አለ።»

«እኔም እወጣለሁ። ከጓዳው። አንዲቷን እርምጃ እራመዳታለሁ፣ እግሬ እንቢ ቢል እንኳን እየ...»

ተቋረጠ። የመቂ ኔትወርክ። ፈይሳ ደጋግሞ ሞከረ፣ አልገባም። ጨዋታውም «ግንኙነት ተቋርጧል» ብሎ ጠረጴዛውን ዘግቶታል።

ወደ ጋሼ መርዳሳ ሲደውል ግን ገባ።

«አካም ጋሼ፣ ፈይሳ ነኝ። ቅዳሜ አዳማ ቢሄዱልኝ ብዬ...»

«ጥቁሩ ኮቴ ተተኩሶ ተሰቅሏል» አሉ ሽማግሌው በተቆጣ ድምፅ። «ሦስት ወሩ። አንተ እስክትደውል ድረስ ብል ሊበላው ነው። ቶሌ፣ እሺ፣ ቅዳሜ።» ዘጉት።

ዘርፉ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ደጅ ወጣች። የፈይሳን ፊት አየች፣ ስልኩን አየች።

«ማን በላ?» አለች በአገጯ ወደ ስልኩ እየጠቆመች።

«አላየሁም እትዬ» አለ ፈይሳ።

ገባች። የመጨረሻው አይሱዙ ሽንኩርቱን ጭኖ ወደ ሞጆ መንገድ ወጣ፣ አቧራው ቀስ እያለ ወረደ፣ መንገዱ ባዶ ሆነ። እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን አለ፣ ከዚያም ወዲያ ምን እንደሚባል ማንም አያውቅም። ፈይሳ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሁሌም መሀሉ ላይ ነበር የሚቀመጠው። አሁን ሳያውቀው ወደ ዳር ጠጋ አለና ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀ።